ዋርካ በሳሎን

ከተቀመጡበት ሳይነሡ ወደ መስኮትዎ ዞር ይበሉ። ደፉ ላይ ወይም ከሶፋው ጥግ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ዛፍ በማሰሮ ቆሞ ከሆነ የዛሬው ጽሑፍ ስለ እርሱ ነው። የለኝም ካሉ ደግሞ ማታ መብራት ሲበራ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳም ወይም በደን ሃግ አንድ ጎዳና ይመላለሱ። ደች መጋረጃ አይወድም፤ ሳሎኑን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ አስጥቶ ነው የሚኖረው። ብዙ መስኮት ሳይቆጥሩ ዛፉን ያገኙታል።

ስሙ ፊከስ ነው። ቅጠሉ ትናንሽ፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች የሚንዠረገገው ፊከስ ቤንጃሚና ይባላል። ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም፣ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብለጨልጨው ፊከስ ኤላስቲካ ነው፤ አዲስ አበባ በየቪላው ግቢ ቆሞ «የጎማ ዛፍ» ስንለው ያደግነው። ሥሩ እንደ ድንች አብጦ ከማሰሮው በላይ የሚታይ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከቲማቲሙ አጠገብ የሚሸጥ ድንክም አለ። እኛ ሐበሾች ቤት የገባው አብዛኛው በስጦታ ነው። ካምፕ ጨርሰን ቤት ሲሰጠን ጎረቤት ወይም የረዳን ሰው «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሎ ያመጣዋል። እኛም ውሃ እያጠጣን፣ አቧራውን እየጠረግን፣ «የፈረንጅ ዛፍ» እያልን እናስቀምጠዋለን።

አንዲት የማውቃቸው እናት ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ሲዛወሩ ፊከሳቸው ቅጠሉን ሁሉ አራገፈ። «እኔ የነካሁት ነገር መቼ ይበረክታል» ብለው ሊጥሉት ነበር። ቤንጃሚና እንዲህ ነው፤ ከቦታ ቦታ ሲያዛውሩት ይቆጣል። ነገር ግን አልሞተም። ለአሮጌው ብርሃን የበቀለውን ቅጠል ጥሎ ለአዲሱ የሚስማማውን እስኪያበቅል ጊዜ ይፈልጋል። ብዙዎቻችን በዚያ መሀል ነው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የከተትነው።

የዛሬው ነገሬ ግን የቤት ውስጥ አትክልት አያያዝ አይደለም። ይህ «የፈረንጅ ዛፍ» ያልነው ነገር ፈረንጅ አይደለም። የዋርካችን የሥጋ ዘመድ ነው። ፊከስ የሚባለው ወገን በዓለም ላይ ከ750 በላይ ዓይነቶች አሉት፤ ዋርካም፣ ሾላም፣ ገበያ የምንገዛው በለስም የዚያው ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ቅጠሉን ቀንጠስ ያድርጉት። ነጭ ወተት ያወጣል፤ ልጅ ሳለን የሾላ ቅጠል ስንቀነጥስ እጃችን ላይ የሚጣበቀው ያ ወተት ነው። ልጆችና ድመት ካሉ ግን ይጠንቀቁ፤ ሆድም ቆዳም ያውካል።

ታዲያ እኔን የሚያስገርመኝ ዝምድናው አይደለም። ያ የምናውቀው ዋርካ ሸንጎ የነበረ፣ ገበያ የነበረ፣ የእርቅ ቦታ የነበረ ዛፍ ነው። እዚህ ዘመዱ የሳሎን ጌጥ ሆኖ አቧራ ይጠረግለታል። በሁለቱ መካከል ምን ጠፋ?

ንጉሥ የተከለው

በአገራችን ትልልቆቹ የፊከስ ዛፎች እንደየቦታው ዋርካ፣ ሾላ፣ ባምባ፣ ጭብሃ ይባላሉ። በትግርኛ ዳዕሮ፣ በኦሮምኛ ኦዳ። የእጽዋት ሰዎች ዋርካን ፊከስ ቫስታ ይሉታል፤ ቁመቱ እስከ 25 ሜትር ይደርሳል፤ ከባሕር ማዶ በየመንም ይበቅላል። ቁመቱ ግን ዋናው ነገር አይደለም። ዋርካን ዋርካ የሚያሰኘው ወርዱ ነው፤ ቅርንጫፉን ወደ ጎን ዘርግቶ ገበያተኛውን ከነአህያው ያስጠልላል።

ከሥሩ የሚሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። የጠፋ ከብት ሲኖር አውጫጭኝ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ደም ሲቃባ ሽማግሌ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ቅቤ የሚቀባው፣ ቡና የሚፈላለት የአድባር ዛፍም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው፤ ቄሱ ይቆጣሉ፣ እናቶች ግን ቄሱ ዞር ሲሉ ቅቤያቸውን ይቀባሉ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰፈርና አንድ ገበያ ሙሉ ስማቸው ሾላ ነው። ጠዋት ጠዋት በላስቲክ እየገዛን የጠጣነው ሾላ ወተት እንኳ ያንኑ ስም የያዘ ነው። ትልቅ ሰው ሲሞትብን «ዋርካው ወደቀ» የምንለው ለምላስ ማሳመሪያ አይደለም፤ የወደቀው የተሰበሰብንበት ቦታ ነው ማለታችን ነው።

በነገራችን ላይ፣ በሰንደቅ ዓላማ ጉዳይ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ቡና መጠጣት የማይችሉ ወገኖች ሁሉ በዚህ ዛፍ ላይ ይስማማሉ። የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ መሀል ላይ ያለው ኦዳ ነው። የኤርትራ የአምስት ናቅፋ ገንዘብ ጀርባ ላይ የሰገነይቲ ዳዕሮ ተሥሏል። የገዳ ጉባኤዎች የተቀመጡባቸው ኦዳ ነቤ፣ ኦዳ ሮባ፣ ኦዳ ቡልቱም፣ ኦዳ ቡሉቅ፣ ኦዳ ቢሲል ስማቸውን ከዛፉ ነው ያገኙት። አማራው ደግሞ ጎንደር ላይ ጃን ተከል አለው።

ጃን ተከል ዋርካ ከፋሲል ግንብ አጠገብ በከተማው እምብርት ላይ ያለ ነው። ጃን ማለት ጃንሆይ ስንል፣ ጃን ሜዳ ስንል ያለው ጃን ነው፤ ንጉሡ የተከለው ማለት ነው። ልብ ይበሉ፤ ጫካ ውስጥ በራሱ የበቀለ ዛፍ አይደለም የሚባለው። ተተክሏል። ለጥላም፣ ለግርማም፣ ለከተማው ጌጥም። ጋዜጠኛ በነበርኩበት ዘመን ለጥምቀት ዘገባ ጎንደር ሄጄ አንድ ከሰዓት ሙሉ እዚያ አካባቢ ተቀምጫለሁ። የሥራ ማስታወሻዬ ላይ ስለ ታቦታቱ የጻፍኩት ሁለት ገጽ ነው፤ ስለ ጥላው ሦስት ገጽ። አለቃዬ ሦስቱን ገጽ ሰረዘው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። የዚህን ወገን ዛፍ በጉዞ መጽሐፉ «ዳሮ» እያለ ይጠራዋል። ብሩስ ከጻፋቸው ነገሮች ውስጥ እኔን የሚደንቀኝ የአቤቱታው ጩኸት ነው። ፍትሕ የጎደለበት ሰው ከንጉሡ ደጅ ቆሞ «ጃን ሆይ!» እያለ ይጮኻል። ጩኸቱ ከመለመዱ የተነሣ፣ ክረምት ገብቶ ባላገሩ መምጣት ሲያቅተው ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማው ደመወዝ እየተሰፈረላቸው የሚጮኹ ሰዎች ነበሩ ይላል። የተቀጠረ አቤት ባይ! ከዚያ ወዲህ ያ ሥራ የተቋረጠ አይመስለኝም።

የዛፉን ነገር ግን አናሳምረው። አቃቤ ሰዓት አባ ሰላማ በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን፣ በዚያው በ1770 መጨረሻ ላይ፣ ከንጉሡ በር ፊት ለፊት ባለ ዛፍ ላይ በልብሰ ክብራቸው እንዳሉ ተሰቅለዋል፤ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ንጉሡንም ራሱንም ጳጳሱንም ሲራገሙ ነበር ይላል ብሩስ። በአደባባይ ዛፍ ሥር ፍርድ ይሰጣል፤ ፍርዱ ሁሉ ግን እርቅ አይደለም። «በድሮ ጊዜ በዋርካ ሥር ሁሉም ተፋቅሮ ይኖር ነበር» የሚሉ ሰዎችን ስሰማ አባ ሰላማ ትዝ ይሉኛል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የፋሲል መዋኛ ያየ ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል። የጥምቀት ውሃ በሚሞላበት በዚያ ገንዳ ዙሪያ ባለው የድንጋይ አጥር ላይ የፊከስ ዛፎች ሥራቸውን እንደ እባብ ጥለው ድንጋዩን አንቀው ይዘውታል። ሥሩ ግንቡን እየሰነጠቀው ነው ወይስ አቅፎ ያቆመው? ሁለቱንም። ዛፉን ቢነቅሉት ግንቡ አብሮ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ዩኔስኮ የፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ድንጋዩን ነበር የመዘገበው፤ ለዓይን ግን ድንጋይና ሥር አንድ ሆነዋል።

የደን ሃጓ አሮጊት

ይህን ሁሉ ከመስኮት ላይ ፊከስ ጋር ያገናኙልኝ አንዲት የደን ሃግ አሮጊት ናቸው። ጎረቤቴ ነበሩ። የተወለዱት ጃቫ ነው፤ ኢንዶኔዥያ ነፃነቷን ስታገኝ ወደ ሆላንድ ከመጡት ሰዎች አንዷ ናቸው። ከ1945 በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ውስጥ እንዲህ የመጡት 300,000 ያህል ይሆናሉ፤ ብዙዎቹ ደን ሃግ ሰፈሩ። ከ1959 ጀምሮ የተካሄደው፣ በኋላ ቶንግ ቶንግ የተባለው ትልቁ የምሥራቅ ገበያ የእነርሱ ናፍቆት የፈጠረው ነው። እኛ ሠላሳና አርባ ዓመት ስለ ስደት ስናወራ እነርሱ ያንን መንገድ ቀድመውን ሄደውበታል።

አንድ ቀን ቤቴ ቡና ጋበዝኳቸው። ገቡና ፊከሴን አይተው ቆሙ።

«ይኼን እዚህ ታስቀምጪዋለሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ምነው እማማ፣ ምን ሆነ?»

«በእኛ አገር ይኼ ቤት ውስጥ አይገባም። ባለቤት አለው።»

ባለቤት ያሉት መንፈሱን ነው። ቆሌውን፣ አድባሩን በሉት። እኔም ሳቅኩ፤ እርሳቸውም ሳቁ፤ ግን ሲቀመጡ ከዛፉ ራቅ ብለው ነበር።

ያን ዕለት የነገሩኝን በኋላ ከመጻሕፍት አጣራሁት። ቤንጃሚና በጃቫ ስሙ ዋሪንጊን ነው። በድንክ ማሰሮ የምናውቀው ይህ ዛፍ በአገሩ ግዙፍ ነው፤ ከቅርንጫፉ ሥር እያወረደ መሬት ይዞ ይሰፋል። በጃቫ ከተሞች ከሡልጣኑ ቤተ መንግሥት ፊት አሉን አሉን የሚባል ሰፊ አደባባይ አለ፤ ጃን ሜዳ ማለት ነው። በዮግያካርታ አደባባዩ መሀል ላይ ሁለት ዋሪንጊኖች በአጥር ተከበው ተተክለዋል። በጥንት ጊዜ ግፍ የደረሰበት ሰው ነጭ ልብስ ለብሶ በሁለቱ ዛፎች መካከል ጠራራ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ጥላው እያለ ጥላው ውስጥ አይገባም። ሡልጣኑ ከቤተ መንግሥቱ አይቶ እስኪያስጠራው ድረስ እየተቃጠለ ይጠብቃል። የእኛ ሰው «ጃን ሆይ!» ብሎ ጮኸ፣ የጃቫው ሰው ዝም ብሎ ፀሐይ ሞቀ። ደጁ ያው ነው፤ ዛፉም ያው ወገን ነው።

ዛሬ የኢንዶኔዥያ መንግሥት ዓርማ ላይ ያለው ዛፍ ይኸው ዋሪንጊን ሲሆን የሚወክለው የአገሪቱን አንድነት ነው። ኤላስቲካም ከዚያው አካባቢ ነው የመጣው፤ ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ እስከ ጃቫና ሱማትራ። ሕንድ ውስጥ በሜጋላያ ኮረብታዎች ሕዝቡ የዚህን ዛፍ ሥር ከወንዝ ማዶ ለማዶ እያሳደገ ሰው የሚሻገርበት ሕያው ድልድይ ይሠራበታል። እኛ ቤት ደግሞ ቴሌቪዥን ጥግ ቆሟል።

እንዴት መጣ ብሎ መጠየቅ ያባት ነው። የደች መርከብ ከዚያ ምሥራቅ አገር ቅርንፉድና ጥቁር በርበሬ ብቻ አልነበረም የሚጭነው። ዘርና ችግኝም ይጭን ነበር። አምስተርዳም ያለው ሆርቱስ የሚባለው የእጽዋት አትክልት ቦታ በ1638 ለሐኪሞችና ለመድኃኒት ቀማሚዎች ነው የተቋቋመው። በ1706 ከጃቫ አንዲት የቡና ተክል መጣችለት። ቡናዋ ወደ ጃቫ የደረሰችው ከየመን በሕንድ በኩል ነበር፤ ወደ የመን የደረሰችው ደግሞ ከማን እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መናገር ድፍረት ይሆንብኛል። በ1714 የአምስተርዳም ከተማ ከዚያች ተክል ዘር አንዷን ለፈረንሣዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ላከች። ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ላይ የተስፋፋው ቡና ብዙው ትውልዱ ከዚህ የመስታወት ቤት ጋር የተያያዘ ነው። ሆርቱስ ዛሬም አለ፤ ሄዶ ማየት ይቻላል። ቡናዋን በማሰሮ ስታዩ ግን እባካችሁ ጠባቂው ላይ አትቆጡ፤ የእርሱ ጥፋት አይደለም።

ፊከሱም እንዲሁ መጣ። መጀመሪያ የባለጸጋ የመስታወት ቤት እንግዳ ነበር፤ በኋላ ማሞቂያው በየቤቱ ሲገባ የሁሉም ሆነ። ዛሬ ደን ሃግ አጠገብ ባለው ቬስትላንድ በየመስታወት ቤቱ ይመረታል። አልስሜር ያለው ጨረታ ዘንድ ዋጋው በሰዓት ይነገራል፤ ሰዓቱ የሚጀምረው ከላይ ነው፣ ዋጋው እየወረደ እየወረደ ይሄዳል፣ ቀድሞ ቁልፉን የተጫነ ይወስደዋል። ከመርካቶ ጨረታ ተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። እዚያ የሚፈራው ሌላው ጨምሮ እንዳይወስድብህ ነው፤ እዚህ የሚፈራው ስትጠብቅ እንዳይቀድምህ።

ተርቧ የሌለችበት ዛፍ

አሁን ለስደተኛ ሰው የምትሆን አንዲት ትንሽ ነገር ልንገርዎ። ከዚህ ሁሉ የዛፍ ወሬ ውስጥ እኔ የያዝኩት እርሷን ነው።

በለስ፣ ሾላ፣ ዋርካ ሲያብብ ያየ ሰው የለም። አበባው ፍሬ የምንለው ነገር ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው። አንዲት ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ተርብ በፍሬው አፍ ባለች ቀዳዳ ገብታ አበባውን ከአበባ ታገናኛለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ ከአበባው ዱቄት ይዘው ወጥተው ወደ ሌላ ዛፍ ይሄዳሉ። ከዛፎቹ አብዛኞቹ የየራሳቸው ተርብ አላቸው፤ የአንዱ ለሌላው አትሆንም። ተርቧ ከሌለች ዘር የለም። ሆላንድ መስኮት ላይ ያለው ቤንጃሚና ተርቧ አብራው አልመጣችም። ስለዚህ ሃምሳ ዓመት ቢኖር ከእርሱ ዘር አይገኝም።

የኛ ሾላ ታሪክ ከዚህ ይበልጣል። ሾላ፣ ሳይንሱ ፊከስ ሲኮሞሩስ የሚለው፣ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ተርቡ አብሮት አለ፤ ዘር ይሰጣል፤ ወፍና ዝንጀሮ ይዘሩታል። ግብፅ ግን ከጥንት ጀምሮ ያለ ተርቡ ነው የሚኖረው። ተርቧ ወንዙን ተከትላ አልወረደችም። ሆኖም ግብፆች ለሺህ ዓመታት ከጥላው ተቀምጠዋል፤ የሬሳ ሣጥናቸውን ከእንጨቱ ሠርተዋል፤ ሐቶር የምትባለውን አማልክት የሾላዋ እመቤት ብለዋታል። እንዴት ኖረ? በሰው እጅ ነዋ! ቅርንጫፍ ቆርጠው ይተክሉታል፤ ከዚያ ዛፍ ደግሞ ሌላ ቅርንጫፍ። ፍሬውም እንዲሁ በራሱ አይበስልም፤ አንድ ሰው ዛፉ ላይ ወጥቶ እያንዳንዱን በቢላ ጫር ማድረግ አለበት። ያ ቁስል ያበስለዋል። ነቢዩ አሞጽ ከነቢይነቱ በፊት ላም ጠባቂ እንደ ነበረና የዚህ ዛፍ ፍሬ ሥራ እንደ ነበረው ስለ ራሱ ይናገራል፤ በቅዱሱ አገርም ተርቧ አልነበረችም። ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበት ዛፍ፣ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሾላ የሚለው፣ አንድ ሰው በእጁ የተከለው ነው ማለት ነው።

ይህን ያወቅሁት እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ስማር ነው። ለፈተና ያጠናሁት ሌላ ነገር ነበር፤ ያን ሁሉ ረስቼ ይኼ ብቻ ቀረኝ። አገር ቤት ሳለን አማርኛችን፣ ለቅሷችን፣ እርቃችን በራሱ ይዘራ ነበር። ማንም ሳያስብበት ልጅ ከጎረቤት ይማረዋል። እዚህ ግን ተርቧ የለችም። ቅዳሜ ጠዋት ልጁን አልጋ ውስጥ እየጎተተ አማርኛ ትምህርት የሚወስድ አባት ያን የግብፅ ገበሬ ነው።

ወደ ጥላው ልመለስ። ባለፈው ክረምት ሮተርዳም ውስጥ አንድ የማኅበር ስብሰባ ነበር። የማኅበሩን ስም አልጠራም፤ ያልነበሩበት ሰዎች ባይኖሩም። ነገሩ የገንዘብ ነበር፤ ብዙም ገንዘብ አልነበረም። ሁለት ሰዎች ተጣሉ። ሁለቱም ወዳጆቼ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ቤት ክርስትና አንሥቷል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ክስና መልስ ተሰማ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነሡ፤ «ልጆቼ» አሉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚህ ጊዜ የአዳራሹ ጠባቂ በሩ ላይ ቆሞ የቁልፉን ዘለላ አንኳኳ። ከምሽቱ አሥር ሰዓት ሆኗል። የከፈልነው እስከ አሥር ነው። ሽማግሌው ቆመው ቀሩ። ወንበር ማጣጠፍ ተጀመረ። ሁለቱ ሰዎች እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም፤ ልጆቻቸውም አብረው መጫወት አቁመዋል።

እኔ ያን ማታ በባቡር ስመለስ ያሰብኩት ይህን ነው። ዋርካ ሥር ሰዓት የለም። ሽማግሌ ሲጀምር ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ ተረት ያመጣል፣ ተከሳሹ እስኪያፍር ከሳሹም እስኪደክመው ይጠብቃል፤ ካልሆነ ነገ ይቀጠራል፣ ከነገ ወዲያም። ብዙው እርቅ የሚገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። እኛ ግን በሰዓት በተከራየ ቦታ የሦስት ቀን ሥራ ልንሠራ እንሞክራለን። እንደ እኔ ግምት በእነዚህ ሦስት ከተሞች ከፈረሱት ማኅበሮቻችን መካከል በፖለቲካ የፈረሰው ከሚነገረው ያነሰ ነው፤ ቁልፍ የያዘ ሰው በር ላይ ቆሞ የፈረሰው ይበልጣል።

ሕንፃ እንግዛ የሚለው ውይይት በየዓመቱ ይነሣል፤ በየዓመቱም ሕንፃው በማን ስም ይሁን በሚለው ላይ ይቆማል። ንጉሥ የለንም የሚተክልልን፤ ይሁን። እስከዚያው ግን በየሰፈሩ ቡርትሃውስ የሚባል የሰፈር ቤት አለ፤ ብዙዎቹ ቀን ቀን ለተቀማጭ ክፍት ናቸው፣ ቡናውም ርካሽ ነው። የጋናና የሞሮኮ ሽማግሌዎች ካርታና ዳማ ይዘው ሲውሉበት አያለሁ። የእኛ ሽማግሌዎች የት ናቸው? ቤታቸው፣ ከፊከሳቸው አጠገብ፣ ብቻቸውን።

ደቾችም ቢሆኑ ዛፍን ለጌጥ ብቻ የሚያውቁ አይደሉም። አምስተርዳም ውስጥ አና ፍራንክ ከተደበቀችበት ቤት ጀርባ የነበረውን አሮጌ ዛፍ በ2007 ከተማው ሊቆርጠው ሲል ሰው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ አስቆመው፤ በብረት ተደግፎ ቆየና ኦገስት 23 ቀን 2010 ነፋስ ጣለው። ከሁሉ ግን እኔ ዋርካ ብዬ የምጠራው የቤይልመሩን ነው።

ኦክቶበር 4 ቀን 1992፣ እሑድ ማታ፣ የኤል አል የጭነት አውሮፕላን አምስተርዳም ቤይልመር ውስጥ ሁለት ትልልቅ ፎቆች ላይ ወደቀ። 43 ሰው ሞተ። በመጀመሪያ ስንት ሰው እንደ ሞተ መቁጠር እንኳ አልተቻለም ነበር፤ ከነዋሪዎቹ ወረቀት የሌላቸው ብዙ ነበሩና፣ ሲኖሩም ያልተቆጠሩ ሲሞቱ እንዴት ይቆጠራሉ? በኋላ ከአደጋው ለተረፉ ወረቀት አልባዎች የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጥበት ልዩ መንገድ ተከፈተ። ፎቆቹ የነበሩበት ቦታ ላይ አንድ ዛፍ ተርፎ ቆሞ ተገኘ። ፖፕላር ነው፤ ማንም አድባር ይሆናል ብሎ ያልተከለው፣ የሰፈር ማስጌጫ ዛፍ። ሰው በማግሥቱ አበባና ሻማ ይዞ ወደ እርሱ ሄደ፤ ስሙንም «ሁሉን ያየው ዛፍ» አሉት። ዛሬ በዙሪያው ነዋሪዎች የሠሩት የሞዛይክ ንጣፍ አለ፣ የሟቾቹ ስም የተጻፈበት መታሰቢያ አለ። ኦክቶበር 4 በየዓመቱ ይሰበሰባሉ፤ የሱሪናም ሰው፣ የጋና ሰው፣ የአንቲል ሰው፣ ደቹም።

በሌላው ቀን ግን ዝም ያለ ቦታ ነው። በር የለውም። ጠባቂም ቁልፍም የለውም።

ባለፈው ሳምንት ለሁለቱ ወዳጆቼ ደወልኩ። ለሽማግሌውም ነግሬያቸዋለሁ፤ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ባቡር ድረስ ካመጣኋቸው እንደሚመጡ ተናግረዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዝናብ ከሌለ፣ ዛፉ አጠገብ። ቡና በፔርሙዝ እኔ እይዛለሁ፣ ዳቦው ከሌላ ሰው። አንደኛው እመጣለሁ ብሏል። ሁለተኛው «እስቲ አየዋለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። የሚቀጥለውን እሑድም ባዶ አድርጌ ይዤዋለሁ።